ቀለበት ባሕር ዳር ሲጠፋ፦ የብረት መፈለጊያ ማሽን እንዴት ይስተካከላል?

ባለፈው ጁምአ ከጸሎት በኋላ ሻይ ስንጠጣ የቀለበቱን ነገር ባጫወትኳችሁ ጊዜ «ይሄንንማ ጻፊው፣ ላልመጡትም ይድረስ» ስላላችሁኝ ነው ዛሬ ብዕር ያነሳሁት። እኔ የማሽን ባለሙያ አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፣ ፊዚክስ እወድ ነበር፣ በቃ። ግን ያችን ማሽን ተገድጄ ተማርኳት። አንዳንዶቻችሁ ከሰዎቻችሁ ጋር ወደ ሻሌ ስለምትሄዱ፣ አንድ ቀን ሊጠቅማችሁ ይችላል።

በወንጌል አሥር ድሪም ኖሯት አንዷ የጠፋባት ሴት መብራት አብርታ ቤቷን ጠርጋ እንደፈለገች ሁላችንም እናውቃለን። እሷ የጠፋባት ቤት ውስጥ ነው፤ ቤት ይጠረጋል። ባሕር ግን አይጠረግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት መጋቢት ውስጥ ኺራን ያለው ሻሌ ሄደን ነበር። ማዳም ሕፃኑን ጉልበት በማይደርስ ውኃ ውስጥ እያጫወተችው አረፈደች። ውኃው ገና ቀዝቃዛ ነው፣ እሷም ለፀሐይ ክሬም ተቀብታለች። ብርድ ጣት ያቀጥናል፣ ክሬም ደሞ ያንሸራትታል፤ ባሕር ውስጥ ቀለበት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ከሰዓት ሻይ ሳቀርብ ጣቷን አየችና ጮኸች። የጠፋችው ሟች እናቷ የሰጠቻት ቀጭን፣ ትንሽ ድንጋይ ያላት ባለ 18 ካራት ቀለበት ናት። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ማዳም እጇን ስትታጠብ አንዳንዴ ቀለበቷን አውልቃ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ታስቀምጣለች። ያንን መታጠቢያ በየቀኑ የማጸዳው እኔ ነኝ።

በማግስቱ ወንድሟ ማሽኑን ይዞ መጣ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዳርቻውን ሲያስስ ዋለ። ቆርኪ፣ ሳንቲም፣ አንድ የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ አወጣ። ከዚያ ሄድፎኑን አውልቆ «እዚህ የለም፤ ማሽኑ አይዋሽም» አለ። የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ። ማታ ሻንጣዬ ተፈተሸ። ነጠላዬ ተዘረገፈ፣ ፍራሼ ተገለበጠ፣ የእናቴ ፎቶ ያለበት ፖስታ ሳይቀር ተከፈተ። ሹርጣ የሚል ቃል ሰማሁ። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ የት አለና! ወንድሟ ጠረጴዛ ላይ የተወውን የማሽኑን የእንግሊዝኛ መመሪያ አንስቼ በስልኬ መብራት ሳነብ አነጋሁ።

ማሽኑ እንዴት ይሠራል

ከታች ያለው የድስት ክዳን የሚያህል ክብ ነገር ኮይል ይባላል። ውስጡ የተጠቀለለ ሽቦ ነው። ኤሌክትሪክ ሲመላለስበት በዙሪያው የሚለዋወጥ ማግኔታዊ መስክ ይፈጥራል። መስኩ አሸዋውን አልፎ ብረት ወይም ወርቅ ሲያገኝ፣ በዚያ ነገር ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይዞራል፤ ያም በተራው የራሱን ደካማ መስክ ይመልሳል። ማሽኑ የሚሰማው ይህን መልስ ነው። ትምህርት ቤት ኢንዳክሽን ብለን የተማርነው ማለት ነው።

አሳቡ አሮጌ ነው። በ1881 (እ.ኤ.አ) የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት በተመታ ጊዜ፣ በስልክ ፈጠራው የምናውቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቱን በዚህ ዓይነት መሣሪያ ሊፈልግ ሞክሮ አልተሳካለትም። ለመክሸፉ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የፍራሹ የብረት ሽቦ ማሽኑን ማሳሳቱ ነው። አያችሁ፣ ያኔም ቢሆን ማሽኑ ብረት ተሰምቶታል፤ ግን የተሰማው ሌላ ብረት ነው።

ባሕር ዳር ደሞ ሌላ አሳሳች አለ፦ ጨው። የምንጠጣው ውኃ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ጥቂት ነው፤ ጨዋማ ውኃ ግን በደንብ ያስተላልፋል። የዓለም ባሕር በአማካይ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ሲኖረው፣ ይሄ የእኛ ባሕረ ሰላጤ ሙቀቱ ውኃውን ስለሚያተንነው 40 ግራም ገደማና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ስለዚህ የረጠበ አሸዋ ለማሽኑ ሰፊና ስስ ብረት የተነጠፈበት ይመስለዋል። ደረቅ አሸዋ ላይ ዝም ያለው ማሽን እርጥቡ ላይ ሲደርስ እንደተቆጣ ንብ ጢጥ ጢጥ ጢጥ ይላል። ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ ጨውን እየሰማ ነው።

የጠፋው የት ላይ ነበር

የወንድሟ ማሽን ኢኳይኖክስ የሚባለው፣ የአውስትራሊያው ሚንላብ ኩባንያ በ2018 (እ.ኤ.አ) ያወጣው ነው። በአንድ ጊዜ በብዙ ፍሪኩዌንሲ ይሠራል። ይሄ ለባሕር ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የጨውና የብረት መልስ ከፍሪኩዌንሲ ፍሪኩዌንሲ ስለሚለያይ፣ ማሽኑ እያመዛዘነ ጨውን ሊቀንሰው ይችላል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚሠሩት ማሽኖች ደረቅ አሸዋ ላይ ጥሩ ናቸው፤ እርጥብ የባሕር አሸዋ ላይ ግን ይቸገራሉ።

ግን ጥሩ ማሽንም ቢሆን አስተካካይ ይፈልጋል። እሱ ሜዳ ላይ ሲጠቀምበት እንደነበረ ፓርክ በሚለው ሞድ ትቶት መጣ። ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም የመስማት ኃይሉን፣ ከ1 እስከ 25 ካለው መጨረሻው 25 ላይ አድርጎታል። እርጥቡ ላይ ሲደርስ ጩኸት ሆነ። ጩኸቱ የሚመጣው በትንንሾቹ ቁጥሮች ስለነበር፣ እስከ 10 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ ዘጋቸውና ማሽኑ ፀጥ አለ። ደስ ብሎት ሁለት ሰዓት ሄደ።

እዚህ ላይ ቁጥሮቹን ላስረዳ። ይሄ ማሽን ነገር ሲያገኝ ከዜሮ በታች 9 እስከ 40 ያለ ቁጥር ያሳያል። ዜሮና ከዜሮ በታች ያሉት ብረት ናቸው፤ ምስማር፣ የፀጉር ሽቦና የመሳሰሉት። ከ1 በላይ ያሉት ብረት ያልሆኑ ናቸው፦ አሉሚኒየም፣ ወርቅ፣ መዳብ፣ ብር። የማይፈለገውን ቁጥር ድምፅ መዝጋት ዲስክሪሚኔሽን ይባላል። ብዙ ሰው ወርቅ ውድ ስለሆነ ትልቅ ቁጥር የሚያሳይ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ቁጥሩ የሚወጣው ከዋጋው ሳይሆን ከመጠኑ፣ ከቅርፁና ኤሌክትሪክ ከማስተላለፍ አቅሙ ነው። ቀጭን የሴት ቀለበት ከፎይል ቁራጭ ጋር እኩል ሊያሳይ ይችላል። ወፍራም የወንድ ቀለበት የጣሳ መክፈቻ የሚያሳየውን ያሳያል። የተሰበረ፣ ክቡ የተቆረጠ ቀለበት ደሞ ከደህናው በጣም ያንሳል። ቀጭን ሐብል ከሁሉም ይብሳል፤ ማሽኑ ሙሉ ሐብሉን ሳይሆን እያንዳንዷን ትንሽ ቀለበቱን ለየብቻ እንደሚያይ ስለሆነ ጨርሶ ላይሰማውም ይችላል።

ስለዚህ ፎይል የዘጋ ሰው ቀጭን ወርቅ ዘግቷል። ቆሻሻ አላወጣም ብሎ የሚደሰት ሰው ቀለበትም አያወጣም። ይሄን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳነብ ከአልጋዬ ተነስቼ ቆምኩ።

ከሁሉ በፊት ሙከራ

ጠዋት እጄ እየተንቀጠቀጠ ማዳምን ለመንኳት። ከጠፋችው ጋር የምትመሳሰል ሌላ ቀጭን ቀለበት ካላት በክር አስራ አሸዋው ውስጥ እንድትቀብራት፣ ማሽኑ ያያት እንደሆነ እንድንሞክር። ወንድሟ ሳቀ። ማዳም ግን አልሳቀችም፤ አመጣች። አንድ ጣት ጥልቀት ቀበርናት። ማሽኑን ትናንት እንደነበረ ትቶ በላይዋ አሳለፈው። ዝም። ደግሞ አሳለፈው። ዝም። ፊቱ ተለወጠ።

እህቶቼ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይሄን ሙከራ ያዙ። የሚፈለገውን ነገር የሚመስል ሌላ ነገር በክር ታስሮ (ክሩን አትርሱ፣ ሁለተኛ ቀለበት እንዳይጠፋ!) ፍለጋው በሚደረግበት በዚያው እርጥብ አሸዋ ይቀበር። ማሽኑ ያንን ካልሰማ፣ ሰማሁ ያለውም አልሰማሁም ያለውም ዋጋ የለውም። ሲሰማ ደግሞ የትኛው ቁጥር እንደመጣ ይጻፍ። የእኛዋ ቁጥሮቹ ከተከፈቱ በኋላ 5 እና 6 እየተቀያየረ አሳየች። ትናንት ተዘግተው የዋሉት ቁጥሮች!

አስተካከሉ

ከዚያ መመሪያውን እኔ እያነበብኩ እሱ ነካካ። መጀመሪያ ሞዱን ባሕር ዳር ወደሚለው፣ ቢች ወደተባለው ቀየረ። ሁለት ቢች አለው። አንደኛው ለደረቁና ለእርጥቡ አሸዋ ነው። ሁለተኛው ማዕበል እየመጣ ለሚመለስበት ቦታና ለውኃው ውስጥ ነው፤ የሚልከውን ኃይል ቀነስ ስለሚያደርግ ጨው ብዙም አያስቸግረውም፣ ግን ጥልቀት ትንሽ ይቀንሳል።

ቀጥሎ ኖይዝ ካንስል የሚለው ነው። ሰው ሁሉ ስልኩን አርቆ፣ ኮይሉ ሳይነቃነቅ ተይዞ ቁልፉ ይጫናል፤ ማሽኑ ጥቂት ሰከንድ ወስዶ ከአካባቢው ኤሌክትሪክ የሚረብሸው የሌለበትን ቻናል ይመርጣል።

ከዚያ ግራውንድ ባላንስ። ይሄ ማሽኑን ከመሬቱ ጋር ማስተዋወቅ ነው። ምንም ብረት የሌለበት ቦታ ፈልጎ፣ ቁልፉን ይዞ፣ ኮይሉን መሬት ሳያስነኩ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ማድረግ፤ ልክ ቡና ስንወቅጥ ዘነዘናውን እንደምናነሳና እንደምንጥል፣ ግን በቀስታ። ድምፁ ሲረጋ ይበቃል። ዋናው ነገር ይሄ የሚደረገው ፍለጋው በሚደረግበት ዓይነት አሸዋ ላይ መሆኑ ነው። ደረቁ ላይ ተስተካክሎ እርጥቡ ላይ ቢገባ ሁሉም ከንቱ ነው። ከደረቅ ወደ እርጥብ በተሻገሩ ቁጥር እንደገና።

መጨረሻ ላይ ሴንሲቲቪቲ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ብዙ ከሆነ ጥልቅ የሚያይ ይመስላል። ራዲዮ እስከ መጨረሻ ሲከፈት ጩኸት እንጂ ቃል እንደማይሰማው ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ 20 ላይ ነው። እኛ ከ20 ጀምረን አንድ አንድ እየቀነስን ጩኸቱ ሲበርድ 17 ላይ ቆምን፣ እንደገና የተቀበረችውን ቀለበት ሞከርን፤ በደንብ ተሰማች። ጩኸት ሲበዛ የመጀመሪያው መፍትሔ ቁጥር መዝጋት ሳይሆን ይሄን መቀነስ ነው። ከ1 በላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ክፍት ይሁኑ። ቆርኪና መክፈቻ ይወጣል፣ ይውጣ፤ ለልጆቹም ባሕር ዳሩ ይጸዳል።

ሌላ ዓይነት ማሽን ያላቸው ሰዎችም አሉ፤ ፐልስ ይሉታል። እሱ ኤሌክትሪኩን በቅጽበት ልኮ ያቋርጥና ትንሽ ጠብቆ ያዳምጣል። የጨው ውኃ መልስ ቶሎ ስለሚጠፋ እስኪያዳምጥ ድረስ አልቋል። በባሕር ጥልቅ ያያል፣ ብረቱንና ወርቁን ግን በደንብ አይለይም፤ ምስማሩንም ቀለበቱንም ማስቆፈር ነው። የሚጠብቅበት ጊዜ ዲሌይ ይባላል። ዲሌዩ በጣም ከረዘመ የቀጭን ወርቅ መልስም እንደ ጨው ቶሎ ስለሚጠፋ ያመልጠዋል። እዚህም ያው ነው፤ ጨውን ጨርሶ ዝም ላሰኝ ያለ ሰው ቀጭን ወርቅንም ዝም ያሰኛል።

አካሄዱ

ማሽን መያዝ ወለል እንደመወልወል ነው፤ ይሄን እንኳ እኛ እናውቃለን። መወልወያው ጫፍ ላይ ሲደርስ ከወለሉ እንደማይነሳ ኮይሉም ዳርና ዳር ላይ ከፍ ማለት የለበትም፤ ከፍ ካለ እርጥቡ ስለሚርቅበት የውሸት ድምፅ ይሰጣል። አንዱ ውልወላ ከሌላው መደራረብ አለበት። ቀስ ማለት ነው። ወንድሟ የመጀመሪያ ቀን የሚሮጥ ይመስል ነበር።

አቅጣጫው ከውኃው ጠርዝ ጋር ጎን ለጎን ይሁን። ወደ ውኃው ገባ ወጣ የሚል ከሆነ በየእርምጃው እርጥበቱ ስለሚለዋወጥ ማሽኑ ይደናገራል። በጥልቀቱም ቢሆን ኮይሉ ወይ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ከውኃ ውጭ፤ ግማሽ በግማሽ ክፉ ነው።

ሰዓቱስ? ዓረቦቹ ባሕሩ ሲሞላ መድ፣ ሲሸሽ ጀዝር ይሉታል። በሸሸ ሰዓት ጠዋት ውኃ የነበረው ቦታ እርጥብ አሸዋ ሆኖ በእግር ይሄዱበታል። ሰዓቱ ከቀን ወደ ቀን 50 ደቂቃ ያህል ስለሚገፋ ትናንት በሸሸበት ሰዓት ዛሬ ገና ነው። ወንድሟ የመጀመሪያ ቀን የፈለገው ሞልቶ እያለ ነበር፤ ማዳም የተጫወተችበት ቦታ ውኃ ውስጥ ነበርና ጨርሶ አልደረሰበትም። ማዳምን የት እንደቆመች ጠየቅናት። ከሁለተኛው ፋኖስ ትይዩ፣ ጀልባው ከታሰረበት ወዲህ አለች። እንግዲህ ዕቃ ሲጠፋ በዚያው ቅጽበት በምድር ላይ ሁለት ምልክት መያዝ ነው። በዱላ ምልክት እናድርግ ማለት አይሠራም፣ ባሕሩ ይወስደዋል።

ወርቅ ከባድ ነው። ንጹሕ ወርቅ ከውኃ 19 እጥፍ ይከብዳል፣ የአሸዋ ቅንጣት ግን ሁለት ተኩል እጥፍ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ሞገዱ አሸዋውን ሲነቀንቀው ቀለበት ወደ ታች ይሰምጣል፣ ጠንካራ ድርድር ወይም የዛጎል ንጣፍ እስኪያገኝ። አንድ ቀን ባለፈ ቁጥር ይርቃል። ቶሎ መፈለግ የሚባለው ለዚህ ነው። አሸዋውን በእጅ እየዛቁ መፈለግ ደሞ ወደ ታች እንዲገባ ማገዝ ነው፤ እኛም መጀመሪያ ሁላችን ተንበርክከን ያደረግነው ይሄንኑ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ባሕሩ ሲሸሽ ጀመርን። አርባ ደቂቃ ያህል ፎይልና መክፈቻ ወጣ። ከዚያ አንድ ለስለስ ያለ ድምፅ፣ 5፣ 6፣ 5። በመስቀል አሳለፈው፣ አንዴ ከግራ ቀኝ፣ አንዴ ከፊት ኋላ፤ ድምፁ የሚገናኝበት ነጥብ ላይ በቀዳዳ አካፋው ዛቀ። ባዶ። ጉድጓዱን እንደገና ፈተሸ፣ አሁንም ይሰማል። ሁለተኛ ዛቀ። አሸዋው በቀዳዳው ሲፈስ እሷ ቀረች። ስንዝር በማይሞላ ጥልቀት ነው የነበረችው።

ማዳም አቅፋ ሳመችኝ። ስለ ሻንጣዬ ምንም አላለችም። እኔም ማታ ነጠላዬን አጥፌ መለስኩት።

ጥንቃቄ

ይሄን ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ነው። በ1990 እና 1991 (እ.ኤ.አ) ጦርነት ጊዜ የኢራቅ ጦር ከባሕር የሚመጣ ኃይል ይመጣል ብሎ በኩዌት የባሕር ዳርቻ ብዙ ፈንጂ ቀብሮ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሰፊ ለቀማ ተደርጓል። ቢሆንም ራቅ ባለ፣ ሰው በማይዋኝበት ዳርቻ ትልቅና ጠንካራ ድምፅ ከተሰማ አትቆፍሩ፣ አታስቆፍሩም፤ ቆሙበት ምልክት አድርጋችሁ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱና ለሰዎቻችሁ ንገሩ። መቼም ይሄ መሣሪያ ፈንጂ መፈለጊያ ሆኖ ነው የገነነው፤ ኮዛትስኪ የሚባል ፖላንዳዊ መኮንን በ1941 የሠራው በ1942 ግብፅ ውስጥ በኤል አላሜይን ጦርነት ለፈንጂ ለቀማ ውሏል።

ውኃው ከጉልበት እንዳያልፍ። ሕፃን ይዛችሁ ማሽን አትያዙ። እግራችሁን እያነሳችሁ ሳይሆን እየጎተታችሁ ሂዱ፤ አሸዋው ውስጥ የሚተኛ ባለ መርዝ ጅራት ጠፍጣፋ ዓሣ አለና እግር ሲመጣ ከሰማ ይሸሻል። ጥንታዊ ፍርስራሽ ባለበት ቦታ በማሽን መፈለግ በብዙ አገር በሕግ የተከለከለ ነው፤ ፈቃዱን የሚጠይቀው ባለ ማሽኑ ነው፣ እናንተ ብቻችሁን ይዛችሁ እንዳትወጡ። አንድ ነገር ካገኛችሁም፣ የእነሱ ይሁን የሌላ ሰው፣ እዚያው ቦታ ላይ ጠርታችሁ አሳዩ። ኪሳችሁ ውስጥ ለአንድ ደቂቃም አይግባ፤ ለማጠብም ቢሆን።

ማሽኑ ከባሕር ሲወጣ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። የኮይሉ ሽፋን ይውለቅ፤ በሽፋኑና በኮይሉ መሐል የገባ እርጥብ አሸዋ በሚቀጥለው ቀን የውሸት ጩኸት ያመጣል። እጀታው ተፈታቶ ውስጡ ይታጠብ፣ ጨው ከደረቀበት ይጣበቃል። የኢኳይኖክስ አካሉ እስከ 3 ሜትር ውኃ ይችላል፣ ገመድ አልባው ሄድፎን ግን አይችልም፤ እሱን አንገት ላይ አድርጎ ጎንበስ ያለ ሰው አይቻለሁ። ቻርጅ የሚደረግበት ቀዳዳ ከመሰካቱ በፊት ፍጹም መድረቅ አለበት። በእኛ ቤት ይሄ ሥራ አሁን የእኔ ሆኗል።